ጊልድ ስትመርጡ፦ መጀመሪያ ሰዓቱን፣ ከዚያ የሰዉን ብዛት

ኦንላይን ፋንታሲ ጌም የጀመረ ሰው ውሎ አድሮ ቻት ላይ «ጥሩ ጊልድ የት አለ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጊልድ ማለት አብረው የሚጫወቱ ሰዎች ጌሙ ውስጥ የሚያቋቁሙት ማኅበር ነው። መልሱም የታወቀ ነው፤ ሁሉም የራሱን ያሞግሳል። ስለዚህ ጥያቄው ትንሽ ይስተካከል። በስንት ሰዓት ነው የምትጫወቱት? ስንት ሆናችሁ መጫወት ያምራችኋል? እነዚህን ሁለቱን የመለሰ ሰው ከምርጫው ግማሹን ጨርሷል። የጊልዱ ስም፣ የአርማው ማማር፣ «500 አባል አለን» የሚለው ፉከራ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

ዋናው ማነጻጸሪያችን ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ነው። ከ2004 ጀምሮ ያለ ጌም ስለሆነ አብሮ የመጫወቻ መንገድ የተባለ ሁሉ ተሞክሮበታል። ፋይናል ፋንታሲ 14፣ ጊልድ ዋርስ 2፣ ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይንና አልቢዮን ኦንላይን ነገሩን በየራሳቸው መንገድ ስለሚይዙት ኋላ ላይ እንመጣባቸዋለን። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰዓት

ጊልዶች ሰው ሲፈልጉ የሚጽፉት በሰርቨር ሰዓት ነው። የአውሮፓ ሰርቨር ላይ «20፡00–23፡00» የሚል ካያችሁ፣ በእነሱ ክረምት አዲስ አበባ ላለ ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ማለት ነው። በበጋቸው ደግሞ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 6። ማርችና ኦክቶበር መጨረሻ ላይ እነሱ ሰዓት ሲያዞሩ እኛ አናዞርም። በዚያ ሳምንት አርፍዶ ወይም ቀድሞ የሚገኝ ሐበሻ አይጠፋም። ፋይናል ፋንታሲ 14 ላይ «ሰርቨር ታይም» የሚባለው የግሪንዊች ሰዓት ነው። 3 ጨምራችሁ ወደ እኛ አቆጣጠር መልሱት፤ 19፡00 ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሆናል።

አሜሪካ ካለ ዘመድ ጋር ለመጫወት ያሰበ ሰው የበለጠ ይቸገራል። ዋሽንግተን ያለው የአጎት ልጅ ከሥራ ገብቶ፣ እራቱን በልቶ፣ ማታ 20፡00 ላይ ሲቀመጥ አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ወይም 10 ሰዓት ነው። የሚያገናኘው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። የእሱ እኩለ ቀን የእኛ ምሽት 1 ወይም 2 ሰዓት ስለሚሆን እዚያ ላይ መገጣጠም ይቻላል። ቀጠሮ ሲያዝ ግን «በሐበሻ ነው በፈረንጅ?» ሳይባል አይታለፍ።

ዋርክራፍት ላይ የአሜሪካና የአውሮፓ ሪጅን የተለያዩ ናቸው። አንዱ ላይ ያሳደጋችሁት ካራክተር ወደ ሌላው አይዛወርም። ከማን ጋር እንደምትጫወቱ ሳታውቁ ሪጅን መምረጥ ኋላ ላይ ያስቆጫል። ጊልዱን ከመፈለጋችሁ በፊት ይህቺን ጨርሱ።

ስንት ሆናችሁ?

ዋርክራፍት ውስጥ ዳንጀን (ጭራቆች የሞሉበት ዝግ ቦታ) የሚገባው በአምስት ሰው ነው፦ አንድ ታንክ፣ አንድ ሂለር፣ ሦስት ዲፒኤስ። ታንኩ ጭራቁ እሱን ብቻ እንዲመታ ያደርጋል፣ ሂለሩ ያክማል፣ የቀሩት ይቀጠቅጣሉ። ሬይድ ደግሞ ትልቁ ድግስ ነው። ኖርማልና ሂሮይክ የሚባሉት ደረጃዎች ከ10 እስከ 30 ሰው ይቀበላሉ፤ ሰው ሲጨምር ቦሱም (ዋናው ጭራቅም) አብሮ ይጠነክራል። ሚቲክ የሚባለው የመጨረሻው ደረጃ ግን ልክ 20 ሰው ይፈልጋል። 19 ቢሆን ይጎድላል፣ 21 ቢሆን አንዱ ውጭ ይቀመጣል።

ይህ የቁጥር ነገር ቀላል ይመስላል እንጂ የጊልዱን ጠባይ ሁሉ የሚወስነው እሱ ነው። ሚቲክ የሚጫወት ጊልድ ሰው ስለማይበቃው መቅረትን አይወድም። ሂሮይክ ላይ የቆመ ጊልድ ሁለት ሰው ቢቀርበት 17 ሆኖ ይገባል፣ ማንም አይኮርፍም። የአምስት ሰው ቡድን ደግሞ አንድ ሰው ከቀረበት ሌሊቱ ተበላሸ።

ኮኔክሽናችሁ የሚቆራረጥ ከሆነ ይህንኑ ሂሳብ ሌላ ጊዜም ትጠቀሙበታላችሁ። ብዙ ሰው «ኔትወርኬ ስለማይረባ ትንሽ ቡድን ይሻለኛል» ይላል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። ከ2016 ጀምሮ ያለው ሚቲክ ፕላስ የሚባለው ዳንጀን ሰዓት ይቆጠርበታል። ታንኩ ወይም ሂለሩ መሀል ላይ ከተቋረጠ አራት ሰው ቆሞ ይጠብቃል፣ ሰዓቱም ይሮጣል። በ25 ሰው ሂሮይክ ሬይድ ውስጥ ግን አንድ ዲፒኤስ ለሁለት ደቂቃ ቢጠፋ ቦሱ ሊወድቅ ይችላል። መብራትና ኔት የማይታመንበት ሰፈር ያለ ሰው ከ10 እስከ 30 የሚቀበለውን ሬይድ ይምረጥ፣ ሮሉም (የሥራ ድርሻውም) ዲፒኤስ ይሁን።

ያለ ጊልድ

ጊልድ ግዴታ አይደለም። ከ2009 መጨረሻ ጀምሮ ዋርክራፍት ለዳንጀን ሰው ራሱ ይሰበስባል። ለሬይድም ሬይድ ፋይንደር በ2011 መጨረሻ መጥቷል። ወረፋ ትይዛላችሁ፣ ጌሙ ያስገባችኋል። ሰላም ሳይባባሉ ገብቶ፣ ሳይሰነባበቱ መውጣት የተለመደ ነው። ታንክና ሂለር ብዙ ጊዜ ቶሎ ይገባሉ፣ ዲፒኤስ ይጠብቃል።

ከዚያ ከፍ ያለው መሪው ራሱ ሰው የሚመርጥበት ዝርዝር ነው። አንዱ «+10 ቁልፍ፣ ሂለርና ዲፒኤስ» ብሎ ይለጥፋል፣ ሌላው ያመለክታል። ቁልፍ የሚባለው ሚቲክ ፕላስ ዳንጀን የሚከፍተው ዕቃ ነው፤ +10 የክብደቱ ደረጃ ነው። ጀማሪ የሚማረረው እዚህ ጋ ነው። መሪው ስለ እናንተ የሚያየው ጥቂት ነገር ብቻ ነው፦ ክላሳችሁን (የካራክተራችሁን ዓይነት)፣ ሮላችሁን፣ የዕቃችሁን ደረጃና ስኮራችሁን (ከሚቲክ ፕላስ ያገኛችሁትን ነጥብ)። ዲፒኤስ እንደሆነ በደቂቃ ውስጥ ይጎርፍለታል፤ ከፍ ያለውን ቁጥር ይወስዳል፣ የቀረውን ይመልሳል። ስኮር ለመሥራት ግሩፕ ያስፈልጋል፣ ግሩፕ ለመግባት ስኮር። ከዚህ አዙሪት መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው ታንክ ወይም ሂለር መሆን። ሁለተኛው የራሳችሁን ቁልፍ ይዛችሁ ግሩፑን ራሳችሁ መክፈት፤ ያኔ መራጩ እናንተ ናችሁ። ብዙ ሰው መሪ መሆን ስለሚፈራ ሁለተኛውን አይሞክረውም። መሪ ማለት እኮ ዝርዝሩን የለጠፈው ሰው ነው፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

ሰው ፊት መሳሳት የሚያሳፍረው ደግሞ ከጃንዋሪ 2024 ወዲህ ጌሙ ራሱ ከሚቆጣጠራቸው ካራክተሮች ጋር ዳንጀን መግባት ይችላል። ታንክነትን ለመልመድ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ከኦገስት 2024 ጀምሮ ያሉት ዴልቭ የሚባሉት ትንንሽ ዋሻዎችም ለአንድ ሰው ይሆናሉ፣ እስከ አምስትም ይገባባቸዋል።

ያለ ጊልድ መጫወት የሚያዋጣው ሰዓቱ የማይታወቅ ሰው ነው። ሺፍት የሚሠራ፣ ሕፃን የሚያስተኛ፣ ፈተና ያለበት። የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፦ ማንም አያስተምራችሁም። ቦሱ ገድሎን ስንሞት የማያውቃችሁ ሰው ምክንያቱን ከመንገር ይልቅ ግሩፑን ትቶ መውጣት ይቀለዋል።

ትልቁ ክፍት ጊልድ

ደረጃ 10 ላይ ከተማ ውስጥ ቆማችሁ ሳለ ማንነቱን የማታውቁት ሰው የጊልድ ግብዣ ይልካል። ሰላምታ የለም፣ ማብራሪያ የለም። ዋርክራፍት ላይ አንድ ጊልድ እስከ 1000 ካራክተር ስለሚይዝ እንዲህ ያሉት ያገኙትን ሁሉ ይሰበስባሉ። ገብታችሁ ጊልድ ቻት ላይ «ሰላም» በሉ። የሚመልስ ካለ ቆዩ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዝም ከተባለ ዝርዝሩን ክፈቱና ስንቱ ኦንላይን እንደሆነ፣ የቀረው መቼ ለመጨረሻ ጊዜ እንደገባ እዩ። 800 አባል ኖሮት 6 ሰው ኦንላይን ያለበት ጊልድ በተግባር የስድስት ሰው ጊልድ ነው። ያውም በእናንተ ሰዓት ያሉት ሁለቱ ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሁሉም ግን እንዲህ አይደለም። ትልቅ ሆኖ በሳምንት አንድ ቀን ኖርማል ሬይድ የሚያወጣ፣ አዲስ ሰው ሲጠይቅ የሚመልስ ጊልድ አለ። ለጀማሪ የምመክረው ይህንን ነው። ምልክቱ ካላንደሩ ነው። ጌሙ ውስጥ ባለው ካላንደር ወይም ዲስኮርዳቸው (የድምፅና የጽሑፍ መወያያቸው) ላይ ለሚመጣው ሳምንት የተጻፈ ቀጠሮ ካለ ጊልዱ በሕይወት አለ።

ሬይድ የሚያደርገው ጊልድ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሰው የሚሳሳተው በብዛት እዚህ ስለሆነ። ሰው የሚፈልግ ሬይድ ጊልድ እንዲህ ያለ ነገር ይጽፋል፦

«ሬይድ ረቡዕና እሑድ 20፡00–23፡00። ሂሮይክ 8/8፣ ሚቲክ 2/8። አንድ ሂለርና አንድ ሬንጅድ ዲፒኤስ እንፈልጋለን። ሎግ ይኑራችሁ። ዲስኮርድ ግዴታ።»

ከላይ እንጀምር። ረቡዕ የአውሮፓ ሰርቨር ሳምንታዊ ሪሴት (የወደቁት ቦሶች ተመልሰው የሚነሱበት) የሚሆንበት ቀን ነው፤ አሜሪካ ማክሰኞ ነው። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን የሚያውቁትን ያጸዳሉ፣ እሑድ አዲሱ ላይ ይሞታሉ። ስድስት ሰዓት በሳምንት ይመስላል፤ ፖሽን መግዛቱን፣ ቁልፍ መሮጡን፣ ቪዲዮ ማየቱን ስትጨምሩ ከዚያ ይበልጣል።

«ሂሮይክ 8/8፣ ሚቲክ 2/8» ማለት ከስምንቱ ቦስ ሂሮይክ ላይ ሁሉንም፣ ሚቲክ ላይ ሁለቱን ጥለዋል። ሚቲክ ከጀመሩ 20 ሰው ያስፈልጋቸዋል። መጠየቅ ያለበት «ስንት አባል አላችሁ?» የሚለው ሳይሆን «ለሚቲክ ቀን ስንት ሰው ይገኛል?» የሚለው ነው። 26 ካሉ በየተራ ስድስት ሰው ውጭ ይቀመጣል፤ አዲሱ ሰው ደግሞ የመጀመሪያው ተቀማጭ ነው። 19 ካሉ እናንተን የፈለጉት ለቁጥር ማሟያ ነው፤ አንድ ሰው ቢታመም ሌሊቱ ይሰረዛል። ሌላም አለ። ሚቲክ ላይ ከአንድ ቡድን ጋር ቦስ ከጣላችሁ በዚያ ሳምንት የታሰራችሁት ከዚያው ቡድን ሬይድ ጋር ነው። ሂሮይክ ላይ ይህ ችግር የለም።

«ሎግ» ማለት የውጊያው መዝገብ ነው። ዋርክራፍት ሎግስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ሲጫን ማን ስንት እንደመታ፣ ማን የማይቆምበት ቦታ ቆሞ እንደሞተ ይታያል። ጀማሪ ሎግ የለውም። ያለው መንገድ ኖርማልና ሂሮይክ ሬይድ ከማይታወቁ ሰዎች ጋር መግባት ነው። ከቡድኑ አንድ ሰው ከመዘገበ ስማችሁ እዚያ ይገኛል። ኦፊሰሮች (የጊልዱ ኃላፊዎች) ቁጥሩ ላይ ብቻ የሚያፈጡ ይመስለናል። ጥሩ ኦፊሰር ግን መጀመሪያ የሚያየው አሟሟታችሁን ነው፤ ትንሽ እየመታ የማይሞት ሰው ይሻለዋል።

«ሂለር እንፈልጋለን» ሲባል የቀድሞው የት ሄደ ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሁለት ሂለር በአንድ ወር ከለቀቀ የሆነ ነገር አለ።

ከዚያ ሉት፣ ማለትም ከቦሱ የሚገኘው ዕቃ። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ሬይድ ላይ የሚወድቀው ዕቃ ለቡድኑ ወድቆ የሚፈልጉት ሰዎች ዕጣ ይጣጣላሉ። ጊልዱ ግን በላዩ ላይ የራሱን ደንብ ሊጨምር ይችላል፤ ሙከራ ላይ ያለ ሰው ከኋላ የሚሆንበት ብዙ ነው። ክላሲክ የሚባለውን የድሮውን ጌም ለመረጠ ሰው ይህ ጥያቄ የበለጠ ይከብዳል። እዚያ የ40 ሰው ሬይድ አለ፣ የሚወድቀው ዕቃ ጥቂት ነው፣ አከፋፈሉም እንደየጊልዱ ነው። አንዳንዱ ኦፊሰሮች ተሰብስበው ይወስናሉ። አንዳንዱ ለተገኘ ሰው ነጥብ ይሰጣል። አንዳንዱ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ሰው የሚፈልገውን ዕቃ ያስመዘግባል። በጌሙ ወርቅ የሚጫረቱበትም አለ፤ የጌሙ ባለቤት ብሊዛርድ በ2024 ሲዝን ኦፍ ዲስከቨሪ በሚባለው የክላሲክ ዓይነት ላይ ይህን ጨረታ ከልክሏል። በእኔ አስተያየት ደንቡን በጽሑፍ ማሳየት ያልቻለ ጊልድ ደንብ የለውም።

የድምፅ ነገር ብዙ ሐበሻን ያሳስባል። እንግሊዝኛዬ፣ ማይኬ፣ የቤቱ ጫጫታ። አብዛኛው ሬይድ ጊልድ የሚፈልገው እንድታዳምጡ ነው። መናገር ያለበት ታንኩና መሪው ነው። ቀድማችሁ «አዳምጣለሁ፣ በጽሑፍ እመልሳለሁ» በሉ፤ የማይቀበል ካለ በጊዜ ታወቀ።

ሬይድ ጊልድ እንደ ዕቁብ ነው። ቀኑ ሲደርስ ካልተገኛችሁ የምትጎዱት ሌላውን ነው። በሳምንት ሁለት ምሽት ማንም ሳይጠራችሁ የምትቀመጡበት ወንበር ከሌላችሁ አትግቡበት።

የጓደኛ ጊልድ፣ ወይም አምስት ሰው

የሚያውቋችሁ አራት ሰዎች ካሉ ከሁሉም ይሻላል፤ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፦ ሰው አይበቃም። ዋርክራፍት ላይ ከጊልዱ ሳይወጡ ኮሚዩኒቲ የሚባል ሌላ ማኅበር ውስጥ መግባት ይቻላል። ከ2018 ጀምሮ አለ፣ የተለያየ ሰርቨር ሰው ይይዛል። የአምስት ሰው ጊልዳችሁን ይዛችሁ ለሬይድ ቀን ኮሚዩኒቲ ውስጥ መጫወት ትችላላችሁ። ከ2023 ወዲህ የጌሙ ሁለት ባላንጣ ወገኖች አሊያንስና ሆርድም አንድ ጊልድ ውስጥ ስለሚሆኑ «አንተ ወዲያ፣ እኔ ወዲህ» ብለው የተለያዩ ጓደኛሞች ሰበብ አልቆባቸዋል።

ጌሙን ገና ያልመረጠ ሰው

መጀመሪያ የገንዘቡ ጉዳይ። ዋርክራፍት ወርሃዊ ክፍያው አሜሪካ 15 ዶላር ገደማ ነው። እስከ ደረጃ 20 በነፃ ይጫወቱታል፤ ነገር ግን በነፃ አካውንት ጊልድ አይገባም። ፋይናል ፋንታሲ 14 በነፃ እስከ ደረጃ 70 ይሰጣል፤ ለብቻው ብዙ ወር የሚያጫውት ነው። እዚያም ነፃ ተጫዋች ጊልድ አይገባም፣ ለሰው የግል መልእክት አይልክም፣ ፓርቲም ራሱ አይከፍትም። ሌሎች ሲጋብዙት ወይም ጌሙ ሲመድበው ግን ዳንጀኑን ሁሉ ይጫወታል። ኦንላይን የሚያስከፍል ካርድ ለሌለው ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ፋይናል ፋንታሲ 14 ላይ ጊልዱ ፍሪ ካምፓኒ ይባላል፣ እስከ 512 ሰው ይይዛል። ከዋርክራፍት የሚለየው ሬይድና ጊልድ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ነው። ከባዱን ሬይድ የሚሮጡት ስምንት ሰዎች ናቸው፦ ሁለት ታንክ፣ ሁለት ሂለር፣ አራት ዲፒኤስ። ቋሚ ከሆኑ «ስታቲክ» ይባላሉ፣ ስምንቱም ከተለያየ ፍሪ ካምፓኒ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ፍሪ ካምፓኒውን ለሰዉ ጠባይና ጌሙ ውስጥ ላለው የጋራ ቤቱ ምረጡ፣ ስታቲኩን ለሰዓቱ። አንድ ሰው ስላልተመቻችሁ ሁለቱንም አታጡም። ታሪኩን ለሚወድ፣ ለሚያፍር፣ ቀስ ብሎ ለሚማር ሰው እኔ ይህንን አስቀድማለሁ።

ጊልድ ዋርስ 2 ደግሞ ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ መሠረታዊው ጌም ከ2015 ጀምሮ ነፃ ነው። ስሙ ጊልድ ይላል እንጂ ጊልድ የማያስፈልገው ጌም ነው። ካርታው ላይ አንድ ሰው የኮማንደር ምልክት ራሱ ላይ ሰክቶ ይሮጣል፣ እስከ 50 ሰው የሚይዝ ስኳድ ይከፍታል፣ ያገኘው ሁሉ ይከተለዋል። ቴኳትል የሚባለው ዘንዶ በሰዓቱ ሲወጣ ብዙ የማይተዋወቅ ሰው ተሰብስቦ ይጥለዋል። ለተሳተፈው ሁሉ የየራሱ ሽልማት ስለሚደርሰው የሉት ጭቅጭቅ የለም። ኔት ቢቆራረጥባችሁ ተመልሳችሁ ትገባላችሁ፣ ማንም አይጠብቃችሁም፣ ማንም አይቆጣም። ጊልድም ከፈለጋችሁ በአንድ ጊዜ አምስት መያዝ ይቻላል። ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይንም አምስት ይፈቅዳል፤ እዚያ ግን አንዱ የንግድ ጊልድ ቢሆን ይመረጣል፤ ዕቃ የሚሸጠው በጊልድ ሱቅ በኩል ነውና። የሳምንት መዋጮ የሚጠይቁ ስላሉ ከመግባት በፊት አንብቡት።

አልቢዮን ኦንላይን የተለየ ፍጥረት ነው። ነፃ ነው፣ ከ2021 ጀምሮ ስልክ ላይም ይሠራል፣ ከ2024 ወዲህም የአውሮፓ ሰርቨር አለው። ለብዙ ኢትዮጵያዊ ተጫዋች ኮምፒውተር ስለማይጠይቅ ቅርቡ ይህ ነው። ጥቁር በተባሉት ዞኖች ግን ከሞታችሁ የለበሳችሁት ሁሉ ይዘረፋል። ስለዚህ ጊልዱ የጨዋታ ማኅበር ብቻ አይደለም፤ ግብር ይቆርጣል፣ መሬት ይይዛል፣ ለጦርነት ይጠራል። እስከ 300 ሰው ይይዛል። ስትገቡ የግብሩን መቶኛ፣ ጥሪ ሲመጣ መቅረት ይቻል እንደሆነ፣ በጊልዱ ጦርነት የጠፋ ዕቃ ይተካ እንደሆነ ጠይቁ። ሦስተኛውን አንተካም የሚል ጊልድ በጥሪ ካስገደዳችሁ፣ እናንተ የእሱ ወታደር ናችሁ፣ ያውም በራሳችሁ ጎራዴ።

መውጣት

ካልተስማማችሁ ውጡ፤ ሰው ይወጣል። ዋርክራፍት ላይ የራሳችሁ ዕቃ ከእናንተ ጋር ነው፤ ጊልድ ባንክ ውስጥ ያስቀመጣችሁት ግን ይቀራል። አልቢዮን ላይ መጀመሪያ ዕቃችሁን ከጊልድ ደሴቱ ሣጥን አውጡ፤ ከወጣችሁ በኋላ መክፈት አትችሉም። ሬይድ ጊልድ ከሆነ ከሪሴት በፊት ባለው ቀን ለኦፊሰሩ በግል ጻፉለት፦ «ሰዓቱ አልሆነልኝም፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ አልኖርም።» ይህቺን የተላከለት ኦፊሰር ሌላ ሂለር የሚፈልግበት አንድ ምሽት ያገኛል።